ስም የሌለው ብስክሌት ሀገሩ የት ነው?

ተጠራጣሪ፦ ይኼ ብስክሌት ስም የለውም። አንዱ በስፕሬይ ቀለም ጥቁር ቀብቶታል፤ ከመሪው ሥር የነበረው የፋብሪካ ምልክት ተነቅሏል፤ የሸጠልህም ሰው ከየት እንዳመጣው አያውቅም። አንተ ደግሞ ካሊፐር ይዘህ ሥሩ ተንበርክከሃል። ምን ላገኝ ብለህ ነው?

አድናቂ፦ የት እንደተሠራና መቼ እንደተሠራ። ቀለምና ስም ከላይ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ይፋቃሉ። የቧንቧው ልክ፣ ብየዳው ያረፈበት ቦታና የብሎኑ ጥርስ ግን እንዲህ በዋዛ አይፋቁም።

ተጠራጣሪ፦ ቆይ፣ ከሀገሩ በፊት ዓይነቱን በምን አወቅህ? የረጅም ጉዞ ብስክሌት ነው ትለኛለህ፤ እኔ የማየው መሪው ወደ ታች የተቆለመመ ተራ የውድድር ብስክሌት ነው።

አድናቂ፦ መሪውን ተወው፤ መሪ በአንድ ቁልፍ ተፈትቶ ይቀየራል። ከፍሬሙ ጋር የተበየደውን ተመልከት። ከፔዳሉ ማዞሪያ መሃል እስከ ኋላው ጎማ መሃል ያለው ርቀት 45 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ የውድድር ብስክሌት ላይ 41 ገደማ ነው። የረዘመው የነጂው ተረከዝ ኋላ ከተንጠለጠለው ሻንጣ ጋር እንዳይጋጭ ነው። የሻንጣ መጫኛና የፓራፋንጎ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከፊትም ከኋላም አሉ። ካንቲሊቨር የሚባለው ፍሬን የሚተከልባቸው ጉጦች ሹካው ላይ ተበይደዋል፤ ይኼ ፍሬን የሚመረጠው ሰፊ ጎማም ፓራፋንጎም ስለሚያሳልፍ ነው። የውሃ ኮዳ ማሰሪያው ደግሞ ሦስት ቦታ ነው። ለአንድ ከሰዓት ውድድር ይኼን ሁሉ የሚበይድ የለም።

ተጠራጣሪ፦ ጉጥ እኮ በኋላም ይበየዳል። አንድ ጎበዝ ፍሬም ሠሪ የውድድሩን ብስክሌት ለጉዞ ሊለውጠው ይችላል።

አድናቂ፦ ጉጡን ይጨምራል፤ የፍሬሙን ርዝመት ግን አያስረዝምም። ርዝመቱን ለመቀየር ሌላ ፍሬም መሥራት ይቀለዋል።

ተጠራጣሪ፦ እሺ፣ ሥራውን አወቅን። ሀገሩንስ?

አድናቂ፦ እዚህ ላይ ነው ካሊፐሩ የሚገባው። ብስክሌት ሠሪ አገሮች ለረጅም ዘመን በአንድ ልክ አልሠሩም። ፈረንሳዮች ቧንቧቸውን በሚሊሜትር ለኩ፦ የመቀመጫውና የታችኛው ቧንቧ 28፣ የላይኛው 26። እንግሊዞች በኢንች ለኩ፤ ወደ ሚሊሜትር ስንመልሰው 28.6 እና 25.4 ይሆናል። ከ28 እስከ 28.6 ያለውን ልዩነት ዓይን አያየውም፤ ካሊፐር ግን አይስተውም። የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚገባበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። የፈረንሳዩ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ጥርሱም በየ1 ሚሊሜትሩ የተቆረጠ። የጣሊያኑ 36 ሚሊሜትር። የእንግሊዙ 1.37 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። በዚያ ላይ እንግሊዞች በሰንሰለቱ በኩል ያለውን ብሎን ወደ ግራ አዙረው ያጠብቃሉ፤ የፔዳሉ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ እንዳይፈታው። ፈረንሳይና ጣሊያን ሁለቱንም ወገን ወደ ቀኝ ያጠብቃሉ። ስዊሶች ደግሞ የፈረንሳዩን ልክ ወስደው የሰንሰለቱን ወገን ብቻ ወደ ግራ አዞሩት።

ተጠራጣሪ፦ የዚህኛውስ ስንት ወጣ?

አድናቂ፦ ቧንቧዎቹ 28.6 እና 25.4። የኩሽኔታው ቤት 68 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 1.37 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ፣ የሰንሰለቱ ወገን ወደ ግራ።

ተጠራጣሪ፦ እንግሊዛዊ ነዋ! ምን ያስለፋሃል?

አድናቂ፦ አላልኩም። የጥንት ፈረንሳዊ አለመሆኑን አውቄያለሁ፤ ጣሊያናዊም አይመስልም። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨምርም። ጃፓኖች ብስክሌት በብዛት ለውጭ ገበያ ሲሠሩ የእንግሊዙን ልክ ይዘው ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ የተጀመረው የአሜሪካው ትሬክም የጉዞ ፍሬሞቹን የሠራው በዚሁ ልክ ነው። ልኬት ሀገር አይሰጥህም፤ ከዝርዝርህ ላይ ሀገር ይሰርዝልሃል።

ተጠራጣሪ፦ ሥረዛውም ቢሆን ዕድሜ አለው። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በ1980ዎቹ የአባቶቻቸውን ልክ እየተዉ ወደ እንግሊዙ ሄደዋል። ዓመቱን ሳታውቅ ልኩን ብታውቅ ምን ይጠቅምሃል? ዓመቱን ለማወቅ ደግሞ ሀገሩን ማወቅ አለብህ።

አድናቂ፦ ለዚህ ነው ሁለቱን ለየብቻ የማልጠይቀው። «የት» እና «መቼ» እየተጋገዙ ነው የሚወጡት።

ተጠራጣሪ፦ ይሁን። ቀለሙን ብትፍቀውና ከሥሩ የሬይኖልድስ 531 ምልክት ቢወጣስ? የእንግሊዝ ቧንቧ አይደለም እንዴ?

አድናቂ፦ ቧንቧው የበርሚንግሃም ነው፤ ከ1935 ጀምሮ የተሸጠ ዝነኛ ብረት። ግን ሬይኖልድስ ቧንቧ ሻጭ እንጂ ፍሬም ሠሪ አልነበረም። የፈረንሳዮቹ ፔጆና ዢታን ገዝተውታል፣ ትሬክም። ቧንቧዎቹ የሚገናኙበት እጅጌም እንደዚያው ነው። ኔርቬክስ የሚባለውን የፈረንሳይ እጅጌ እንግሊዞች ተጠቅመውበታል፤ የቺካጎው ሽዊንም ምርጡን ብስክሌቱን ሠርቶበታል። በዚያ ላይ የሬይኖልድስ ምልክት ዛሬ አዲስ ታትሞ ይሸጣል፤ ማንም ገዝቶ በማንኛውም ብረት ላይ ሊለጥፈው ይችላል።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ራስህ ፈረድክ። ብረቱ ከአንድ አገር፣ እጅጌው ከሌላ፣ ፍሬኑ ከሦስተኛ፣ ማርሹ ከአራተኛ። የመጣበት ሀገር የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም ማለት ነው።

አድናቂ፦ አለ። የብራና መጽሐፍ ዘመን የሚመረምር ሰው ሽፋኑን አይቶ አይፈርድም፤ ሽፋን ይበጠሳል፣ ይታደሳል። የጸሐፊውን እጅ፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ የመስመሩን አያያዝ ያያል። እኔም ማርሹንና ጎማውን እንደ ሽፋኑ እቆጥራቸዋለሁ፤ የምመረምረው ቧንቧዎቹን አንድ ያደረገውን እጅ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ጸሐፊም ይሰደዳል። ጎጃም የተማረ ሸዋ ሄዶ ይጽፋል፤ እጁ የተማረበትን ይናገራል እንጂ የጻፈበትን ቦታ አይናገርም። ፍሬም በያጅም እንደዚሁ ነው።

አድናቂ፦ ለአንድ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ልክ ነህ። በወር በሺህ የሚቆጠር ብስክሌት የሚያወጣ ፋብሪካ ግን አይሰደድም። ማሽኑ፣ የልክ ማውጫው፣ የቁጥር መምቻው አንድ ቦታ ይቀመጣል። አንዳንዱም በራሱ ልክ ይጋለጣል። ኖቲንግሃም የነበረው የራሌይ ፋብሪካ በሌሎቹ 24 ጥርስ ፋንታ ለብዙ ዘመን 26 ይቆርጥ ነበር። በ1960 ወደ ራሌይ የገባው የወርክሶፑ ካርልተን ግን በ24 ቀጠለ። አንድ ኩባንያ፣ ሁለት ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ጥርስ። ከጥርሱ ቤቱን ማወቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይኼኛው ግን 24 ነው፤ ስለዚህ እንደ ሌላው ሕዝብ ሁሉ ነው። የመለያ ቁጥሩን አንብብልኝና እንገላገል።

አድናቂ፦ ከኩሽኔታው ቤት ሥር ተመትቷል። ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቀው «ኤም» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣ፤ ከዚያ ቁጥሮች ይከተላሉ። የጃፓኑ ሚያታ ከ1972 ጀምሮ ዓመቱን በመጀመሪያው ፊደል ያመለክት ነበር፤ «ኤ» ብሎ ጀምሮ እያንዳንዱን ዓመት አንድ ፊደል ሲያስኬድ «ኤም» ላይ የሚደርሰው 1984 ነው።

ተጠራጣሪ፦ «ኤም» የሚመታ ሌላ ፋብሪካ የለም? የፋብሪካውን ስም ሳታውቅ የፋብሪካውን ቁልፍ ተጠቅመህ ቁጥሩን ፈታህ። በዚህ አካሄድ የፈለግከውን ስም ታወጣለህ።

አድናቂ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ነው ፊደሉን ብቻውን የማላምነው። የኋላው ማርሽ ቀያሪ የሺማኖ ነው። ሺማኖ በዕቃዎቹ ጀርባ ሁለት ፊደል ይመታ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ከ1976 በ«ኤ» ይጀምራል፣ ሁለተኛው ወር ነው። እዚህ ላይ «አይ» እና «ሲ» አሉ፤ መጋቢት 1984 በነሱ አቆጣጠር። የፊተኛው ማርሽ ቀያሪ «ኤች» እና «ኤል» ይላል፤ የ1983 መጨረሻ ወር። የኋላው ሹካ ክፍተት 126 ሚሊሜትር ነው፤ የስድስት ማርሽ ዘመን ልክ። ከዚያ በፊት በነበረው የአምስት ማርሽ ዘመን 120 ነበር። ሺማኖ የሚያታን ፊደል አያውቅም፣ ሚያታም የሺማኖን አይጠይቅም። የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ዓመት ላይ ተገናኙ።

ተጠራጣሪ፦ ምስክሮችህን አንድ በአንድ ልጠይቃቸው። ብረት ይለጠጣል፤ 120 የነበረውን ክፍተት መካኒክ በጉልበት 126 ያደርገዋል። ማርሽ ቀያሪ ከሌላ ብስክሌት ተፈትቶ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጦ የቆየ ዕቃም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይኼ ነው፦ አንተ ይኼን ሁሉ ፊደል ካወቅህ ሻጩም ያውቃል። «የዘመኑን ዕቃ» ፈልጎ የሚገጥም ሰው አለ። ምስክሮቹ አንድ ቃል ሲናገሩ የሚያስጠረጥረኝ ያኔ ነው።

አድናቂ፦ ማጭበርበር ገንዘብ ያለበት ቦታ ይሄዳል። ፈረንሳይ፣ ሌቫሉዋ ፔሬ ውስጥ የነበረውን የብስክሌት ሠሪ የረኔ ኤርስን ስም ለማስመሰል የሚደክም ሰው ይኖራል፤ የሱ ብስክሌት በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው። ስሙ የተነቀለ፣ በስፕሬይ የተቀባ፣ በአሮጌ ዕቃ ዋጋ የተሸጠን ብስክሌት ግን ማን ደክሞ ያስመስለዋል? አስመሳይ መጀመሪያ የሚለጥፈው ስም ነው፤ እዚህ የጎደለው ደግሞ ስሙ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይኼን ልቀበል። የሚቀጥለውን ግን አልለቅህም። «ኤም» 1984 መሆኑን ማን ነገረህ? ሰብሳቢዎች ብዙ ብስክሌት አይተው፣ ዕቃቸው የ1984 የሆነውን ቆጥረው ነው። አንተ አሁን ያንኑ ፊደል ይዘህ ዕቃው ትክክል ነው ትላለህ። ፊደሉ በዕቃው ይታወቃል፣ ዕቃው በፊደሉ ይመሰከርለታል። ክብ ነው፤ መግቢያ የለውም።

አድናቂ፦ መግቢያው ወረቀት ነው። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ ዓመቱ የተጻፈበት የሽያጭ ካታሎግ ያሳትሙ ነበር፦ ቀለሙ፣ የጉጦቹ ቦታ፣ የማርሹ ሞዴል። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ የቆየ፣ ደረሰኙ ያልጠፋ ብስክሌትም አለ። ክቡን የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። የእጅጌውን ቅርጽ፣ የመቀመጫው ቧንቧ ጫፍ የተዘጋበትን መንገድ፣ የኮዳ ማሰሪያዎቹን ቦታ ስሙ ካልጠፋ ሚያታ ጎን አስቀምጠህ ታስተያያለህ። አንድ ልዩነት ካገኘህ ሐሳብህን ትሰርዛለህ። የሚሰረዝ ሐሳብ ማቅረብ ከክብ ያወጣል።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ ሚያታ ነው በለኝና ስሙን እንለጥፍበት።

አድናቂ፦ እሱን ነው የማልለው። ፋብሪካው ሚያታ ነው ብዬ እከራከርልሃለሁ፤ ብስክሌቱ ግን ዩኒቬጋ ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪ፦ እንዴት ነው ነገሩ? አንድ እናት ሁለት ስም አወጣች?

አድናቂ፦ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በብስክሌት አበደች፤ በ1973 ብቻ 15 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ፍላጎቱን በጥራት ማድረስ አቃታቸው፤ ጃፓኖች ገቡበት። በ1976 ደግሞ ባይክሴንቴኒያል በተባለው ጉዞ ከ4,000 በላይ ሰው ከኦሬገን እስከ ቨርጂኒያ በተዘረጋው መንገድ ላይ ወጣ፤ ጠቅላላው 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ከዳር እስከ ዳር ነዱት። ሻንጣ የሚሸከም ብስክሌት ፈላጊው በዛ። ካሊፎርኒያ የነበረው አስመጪ ቤን ላዊ ቀድሞ ጣሊያን ውስጥ ኢታልቬጋ የሚል ስም ሰጥቶ ያሠራ ነበር፤ በኋላ ዩኒቬጋን ሚያታ ዘንድ አሠራ። ሽዊን ቮያጀር የተባለውን ብስክሌት በጃፓኑ ፓናሶኒክ አሠርቷል፤ ኒሺኪ የተባለውን ኮቤ የነበረው ካዋሙራ ሠርቶታል። ከአንድ በር የወጡ ፍሬሞች ሁለት ስም ይዘው በአንድ ከተማ ሁለት ሱቅ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ሙግትህን ራስህ አፈረስከው። ስለ አሜሪካ ገበያ ያሰበው፣ ምን ዓይነት ማርሽ እንደሚሻል የወሰነው፣ ዋጋውን የተመነው፣ ኪሳራውን የተሸከመው ካሊፎርኒያ ነው። የጎማውን ልክ እይ፤ የፍሬኑ ጉጦች የተበየዱት ለ27 ኢንች ጎማ ነው፤ አሜሪካና እንግሊዝ የለመዱት እሱን ነው። ብስክሌቱ ገና ሳይበየድ የታሰበው ለአሜሪካ መንገድ ነበር። ለምን ጃፓናዊ ነው ትለኛለህ?

አድናቂ፦ ያዘዘና የሠራ አንድ አይደሉም። ያዘዘው ሰው ስለ ርዝመትና ስለ ዋጋ ወሰነ እንበል። ቧንቧው ጫፉ ላይ ወፍሮ መሃሉ ላይ እንዲሳሳ የሳበው፣ በስንት ሙቀት ነሐሱ እንደሚቀልጥና ብረቱ እንዳይቃጠል የሚያውቀው እጅ ግን ጃፓን ነበር። ያ ዕውቀት በትእዛዝ ደብዳቤ አይላክም። ሚያታ ብስክሌት ከመጀመሩ በፊት ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ ቧንቧ ለሱ የቆየ ሙያ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ዕውቀት አይላክም ካልክ ስለ ታይዋን ምን ትላለህ? በ1985 ከፕላዛ ስምምነት በኋላ የጃፓን ገንዘብ ሲወደድ አስመጪዎቹ ሥዕላቸውን ይዘው ታይዋን ሄዱ። ያው ስም፣ ያው ልክ፣ ሌላ እጅ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የታይዋኑ ሥራ ከጃፓኑ የማይለይበት ደረጃ ደረሰ። እጁ ተቀይሮ ብስክሌቱ ካልተቀየረ፣ እጁ ሀገር አይደለም ማለት ነው።

አድናቂ፦ የሙያ ጥራት እኩል መሆኑ የመጡበትን አንድ አያደርገውም። «ጃፓን ስለሆነ ጥሩ ነው» ብዬ አልተከራከርኩም፤ ያ የሻጭ ቃል ነው። እኔ የምለው፦ እነዚህ ቧንቧዎች አንድ የሆኑት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓመት፣ በተወሰኑ ምክንያቶች ነው። የገንዘቡ ምንዛሪ፣ የአሜሪካ ፍላጎት፣ የእንግሊዝ ልክ በጃፓን መወረሱ፤ እነዚህ ሁሉ በዚህ ብረት ላይ ተገናኝተዋል። ሀገር ስል ያንን መገናኛ ማለቴ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ቃሉን እያሰፋህ አመለጥከኝ። መገናኛው የሚነግርህ ከዚያ በር ስለወጡት ብዙ ሺህ ብስክሌቶች ነው፤ ስለዚህኛው ምንም አላወቅህም። ማን ነዳው፣ የት ሄደ፣ ለምን ጥቁር ተቀባ፣ አይናገርም። ለጥገናም ቢሆን የሚያስፈልግህ ልኩ ብቻ ነው፤ 1.37 ኢንች ኩሽኔታ ገዝተህ ትገጥማለህ፤ ጃፓን አልክ ካሊፎርኒያ ኩሽኔታው ይገባል። ሀገሩ ሲቀነስ ከሥራህ ምን ይጎድላል?

አድናቂ፦ ልኩ ዛሬ ምን እንደሚገባበት ይነግርሃል፤ አመጣጡ ቀጥሎ ምን መፈለግ እንዳለብህ። 1984 መሆኑን ባላውቅ 27 ኢንቹን ጎማ ስህተት ነው ብዬ አውጥቼ 622 ሚሊሜትሩን ቸርኬ እገጥም ነበር፤ የ27ቱ 630 ስለሆነ የፍሬኑ ላስቲክ በየጎኑ 4 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ጎማውን ይበላዋል። የመጣበትን ማወቅ ያልተለመደውን ነገር እንደ ብልሽት ከመቁጠር ያድናል። ስለ ነጂው ግን ልክ ነህ። ፋብሪካን አውቄ ሕይወትን አውቄያለሁ ብል ውሸታም እሆናለሁ።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው መጨረሻው ይኼ ነው፦ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓመት ገደማ፣ ሁለት ሊሆኑ የሚችሉ ስሞች። ልትሸጠው ስትፈልግ ገዢው የትኛውን ስም ይወዳል? የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣውን። አንተ ባትለጥፍ ከአንተ በኋላ የሚይዘው ይለጥፋል። ያኔ የዛሬው ጥንቃቄህ ለሚቀጥለው ውሸት ዋቢ ሆነ። ምናልባት ምንም ሳትመረምር ጥቁር ብስክሌት ብለህ ብትሸጠው ለእውነቱ ይሻል ነበር።

አድናቂ፦ ሰው ሊዋሽበት ይችላል ተብሎ ዕውቀት አይተውም። ማድረግ የምችለው የደረስኩበትንና ያልደረስኩበትን ለይቼ መጻፍ ነው፦ «በሚያታ ፋብሪካ፣ ጃፓን፣ 1984 ገደማ፤ የተሸጠበት ስም አልታወቀም።» ሥሩ ያለውን ቁጥር በቀለም አልሸፍነውም፣ አልሞርደውም። ስም የሚለጥፍ ቢመጣ ቁጥሩን አይቶ የሚሞግተው ሰው እንዲኖር።

ተጠራጣሪ፦ ገዢው ወረቀትህን ጥሎ ስሙን ቢያምንስ?

አድናቂ፦ ያመነው እሱ ነው፤ ያሳሳትኩት ግን እኔ አይደለሁም። አንተ የምትለኝ ይኼ ልዩነት ምንም አይደለም ነው፤ እኔ ደግሞ ካሊፐር የያዝኩት ለዚህ ልዩነት ብቻ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ልዩነቱ ላንተ ኅሊና ይበቃል። ለብስክሌቱ እውነት ይበቃል ወይ ነው ጥያቄዬ፤ እሱን ደግሞ ካሊፐርህ አይለካውም።